ኢንቨርተር ለመግዛት ከዋጋው በፊት ጭነቱ ይታወቅ

የኤሌክትሪክ ኃይል ሲቋረጥ በከተማ ቤቶች ቀድሞ ይታሰቡ የነበሩት ሻማና ኩራዝ ነበሩ። ዛሬ ግን የእጅ ስልክ፣ ኢንተርኔት፣ ቴሌቪዥንና ኮምፒዩተር የዕለት ተዕለት ኑሮና የሥራ አካል በመሆናቸው ብርሃን ማግኘት ብቻ በቂ ሊሆን አልቻለም። በዚህም ምክንያት ከባትሪ ወይም ከፀሐይ ኃይል የሚገኘውን ቀጥተኛ ጅረት ወደ 220 ቮልት ተለዋዋጭ ጅረት የሚለውጠው ኢንቨርተር በመርካቶ የኤሌክትሮኒክስ መደብሮች፣ በሶማሌ ተራ የመኪና መለዋወጫ ሱቆችና በክልል ከተሞች ገበያ በስፋት ከሚጠየቁ ዕቃዎች አንዱ እየሆነ መጥቷል።

በገበያው የሚታየው የዋጋ ልዩነት እጅግ ሰፊ ነው። ሁለት ኢንቨርተሮች በመለያቸው ላይ ተመሳሳይ የዋት መጠን ይዘው የአንዱ ዋጋ የሌላውን ብዙ እጥፍ ሊሆን ይችላል። በደመወዝ የሚተዳደር ቤተሰብም ሆነ ውስን በጀት ያለው መሥሪያ ቤት በመጀመሪያ የሚያየው ዝቅተኛውን ዋጋ መሆኑ የሚጠበቅ ነው። ይሁን እንጂ በዝቅተኛ ዋጋ የተገዛው መሣሪያ ጥቂት ወራት አገልግሎ ባትሪውን ከጨረሰ ወይም ማቀዝቀዣውን ካቃጠለ ርካሽ ነበር ማለት አይቻልም። አቅምን ያገናዘበ ግዥ የሚጀምረው በመደብሩ ሳይሆን በቤት ውስጥ፣ ምን ያህል ኃይል ለስንት ሰዓት እንደሚፈለግ በማስላት ነው።

ፍላጎቱ ለምን ጨመረ?

ኢትዮጵያ በኃይል ማመንጨት ረገድ ከፍተኛ እመርታ አሳይታለች። መጋቢት 24 ቀን 2003 ዓ.ም የመሠረት ድንጋዩ የተጣለው ታላቁ የኢትዮጵያ ሕዳሴ ግድብ 5 ሺህ 150 ሜጋ ዋት የማመንጨት አቅም ይዞ ጳጉሜ 4 ቀን 2017 ዓ.ም ተመርቋል። በ2001 ዓ.ም እና በ2011 ዓ.ም በግድቦች የውኃ መጠን መቀነስ ምክንያት በፈረቃ ይታደል ከነበረው ኃይል ጋር ሲነጻጸር አገሪቱ ዛሬ ያላት የማመንጨት አቅም በእጅጉ የተለየ ነው።

ሆኖም የማመንጨት አቅም ማደግና በየቤቱ የሚደርሰው ኃይል አስተማማኝነት ሁለት የተለያዩ ጉዳዮች ናቸው። ኃይሉ ከማመንጫው ተነሥቶ እስከ ተጠቃሚው ቆጣሪ ድረስ በከፍተኛ ማስተላለፊያ መስመሮች፣ በማከፋፈያ ጣቢያዎች፣ በሠፈር ትራንስፎርመሮችና በዝቅተኛ መስመሮች ያልፋል። በእነዚህ በአንዱ ላይ የሚደርስ ብልሽት፣ የዕድሜ መግፋት ወይም ከአቅም በላይ የሆነ ጭነት በግድቡ ውኃ ሞልቶም ቢሆን አንድን ሠፈር ለሰዓታት በጨለማ ሊያቆይ ይችላል።

ከዋናው የኤሌክትሪክ መረብ ውጭ ያለው ሕዝብ ጉዳይም ሌላው ገጽታ ነው። በ2010 ዓ.ም ይፋ የሆነውና በ2011 ዓ.ም የተከለሰው ብሔራዊ የኤሌክትሪፊኬሽን ፕሮግራም እ.ኤ.አ እስከ 2025 ድረስ ለመላው ሕዝብ ኤሌክትሪክ ለማዳረስ፣ ከዚህም ውስጥ 65 በመቶውን በዋናው መረብ፣ 35 በመቶውን ደግሞ ከመረብ ውጭ በሚገኙ አማራጮች ለመሸፈን ያለመ ነበር። የተያዘው ጊዜ ቢያልቅም ብዙ የገጠር ነዋሪ ዛሬም የመረቡ ተጠቃሚ አልሆነም። ለዚህ የኅብረተሰብ ክፍል ባትሪ፣ የፀሐይ ሰሌዳና ኢንቨርተር መጠባበቂያ ሳይሆኑ ብቸኛው የኃይል ምንጭ ናቸው።

በአንጻሩ የመሣሪያዎቹ ዋጋ ለገዢው ቀላል አልሆነም። ኢንቨርተሮችና ባትሪዎች በአብዛኛው ከውጭ የሚገቡ በመሆናቸው ዋጋቸው ከውጭ ምንዛሪ ጋር የተቆራኘ ነው። የውጭ ምንዛሪ ተመን በገበያ እንዲወሰን ከተደረገበት ከሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም በፊት 57 ብር አካባቢ የነበረው የአንድ የአሜሪካ ዶላር ዋጋ በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር በላይ መድረሱ ይታወሳል። በዚህ ሁኔታ ያላግባብ የተገዛ አንድ መሣሪያ የሚያስከትለው ኪሣራ ከቀድሞው የከፋ ይሆናል።

የመጀመሪያው ስሌት ጭነቱን ማወቅ ነው

የቤት ውስጥ የመጠባበቂያ ኃይል ፍላጎት ብዙ ሰዎች ከሚገምቱት ያነሰ ነው። እያንዳንዳቸው 9 ዋት የሚወስዱ ሦስት የኤልኢዲ አምፖሎች፣ 50 ዋት ገደማ የሚወስድ ባለ 32 ኢንች ቴሌቪዥን፣ 10 ዋት የሚወስድ የኢንተርኔት ራውተርና በድምሩ 20 ዋት የሚስቡ ሁለት የስልክ ባትሪ መሙያዎች አንድ ላይ ቢሠሩ ጭነቱ 107 ዋት ነው። አንድ ላፕቶፕ ቢታከልበት እንኳ ከ170 ዋት እምብዛም አይዘልም። ለዚህ ቤተሰብ 300 ዋት ያለማቋረጥ መስጠት የሚችል ኢንቨርተር በቂ ሆኖ ሳለ 2 ሺህ ወይም 3 ሺህ ዋት መግዛት ትርፍ ወጪ ነው።

ትልቅ ኢንቨርተር መግዛት የሚያስከትለው ጉዳት በዋጋው ብቻ አይወሰንም። ማንኛውም ኢንቨርተር ምንም ዕቃ ባይሰካበትም በርቶ እስካለ ድረስ ከባትሪው ኃይል ይወስዳል፤ መጠኑ ከፍ ባለ ቁጥርም ይህ ፍጆታ ይጨምራል። በባዶው 20 ዋት የሚወስድ መሣሪያ ለ24 ሰዓት ሳይጠፋ ቢቆይ 480 ዋት ሰዓት ይጨርሳል። ይህ መጠን ከአንድ ባለ 100 አምፒር ሰዓት የሊድ አሲድ ባትሪ ጉዳት ሳይደርስበት በጥቅም ላይ ሊውል ከሚችለው ኃይል ጋር የተቀራረበ ነው። ስለዚህ ገዢዎች ከዋቱ ጎን ለጎን ይህ የባዶ ፍጆታ ስንት እንደሆነ መጠየቅ ይኖርባቸዋል።

በሌላ በኩል በኢንቨርተር ሊሠሩ የማይገባቸውን ዕቃዎች ለይቶ ማወቅ ያስፈልጋል። የኤሌክትሪክ ምጣድ 3 ሺህ 500 ዋት ገደማ ይወስዳል። ለአንድ ሰዓት እንጀራ ለመጋገር ብቻ ባለ 12 ቮልት 100 አምፒር ሰዓት የሆኑ ሰባት ያህል የሊድ አሲድ ባትሪዎች ያስፈልጉ ነበር። የኤሌክትሪክ ምድጃ፣ የውኃ ማሞቂያና የልብስ ካውያም ከዚሁ ረድፍ የሚመደቡ ናቸው። እነዚህን የመብራቱን መመለስ ጠብቆ መጠቀም ወይም በሌላ የኃይል ምንጭ መተካት ከማንኛውም የባትሪ አማራጭ ይረክሳል።

ማቀዝቀዣን በተመለከተ ጥንቃቄ የተሞላበት ውሳኔ ይጠይቃል። በሥራ ላይ እያለ ከ100 እስከ 150 ዋት የሚወስድ የቤት ማቀዝቀዣ ሞተሩ በሚነሣበት ቅጽበት የዚህን ብዙ እጥፍ ስለሚስብ ኢንቨርተሩ ይህን ጫና የሚችል መሆን አለበት። ይሁንና በሩ ሳይከፈት የቆየ ማቀዝቀዣ ለአራት ሰዓት ያህል ቅዝቃዜውን ይዞ ሊቆይ ይችላል። የኃይል መቋረጡ በአብዛኛው ከዚህ የሚያጥርበት ሠፈር ነዋሪ ማቀዝቀዣውን ከስሌቱ ቢያወጣ የሚያስፈልገው ኢንቨርተርም ሆነ ባትሪ በእጅጉ ይቀንስለታል።

ጭራሽ ኢንቨርተር የማያስፈልግበት ሁኔታም መኖሩ ሊዘነጋ አይገባም። አብዛኞቹ የኢንተርኔት ራውተሮች በ12 ቮልት ቀጥተኛ ጅረት የሚሠሩ ናቸው። የባትሪውን ኃይል ወደ 220 ቮልት ቀይሮ መልሶ በአዳፕተር ወደ 12 ቮልት ማውረድ በሁለቱም ለውጥ ኃይል ያባክናል። ለራውተር ብቻ የተሠሩ አነስተኛ የባትሪ ሳጥኖች፣ ባለ 12 ቮልት አምፖሎችና የዩኤስቢ ስልክ መሙያዎች ያለ ኢንቨርተር በቀጥታ ይሠራሉ። ፍላጎቱ ብርሃን፣ ስልክና ኢንተርኔት ብቻ የሆነ ቤተሰብ በአነስተኛ ወጪ ሊያገኘው የሚችለው አማራጭ ይኸው ነው።

በመለያው ላይ የሰፈረው ዋት

በገበያው ብዙ ገዢዎች የሚሳሳቱት በመሣሪያው ላይ በትልቁ የተጻፈውን ቁጥር በማመን ነው። አንዳንድ አምራቾች በጉልህ የሚያሰፍሩት ኢንቨርተሩ ለቅጽበት ብቻ ሊሸከመው የሚችለውን ከፍተኛ ጭነት ነው። ያለማቋረጥ ሊሰጠው የሚችለው መጠን የዚህ ግማሽ ሊሆን ይችላል፤ አንዳንዴም ከዚያ ያነሰ ነው። ለገዢው የሚጠቅመው ይህ ሁለተኛው ቁጥር በመሆኑ በመመሪያ ጽሑፉ ውስጥ ፈልጎ ማረጋገጥ ይገባል።

በቮልት አምፒርና በዋት መካከል ያለው ልዩነትም ሊታይ ይገባዋል። 1 ሺህ ቮልት አምፒር ተብሎ የሚሸጥ መሣሪያ እንደ ሥሪቱ ከ600 እስከ 800 ዋት ብቻ ሊሰጥ ይችላል። ለኮምፒዩተር መጠባበቂያነት የሚሸጡ አነስተኛ ዩፒኤሶች በዚህ መለኪያ የሚገለጹ ሲሆን፣ የተሠሩትም ሥራን አስቀምጦ ኮምፒዩተር ለመዝጋት ለሚበቃ ጥቂት ደቂቃ ነው። እነዚህን ከትልቅ ባትሪ ጋር አገናኝቶ ለሰዓታት ማሠራት የተለመደ ቢሆንም ማቀዝቀዣቸው ለረጅም ሥራ ያልተዘጋጀ በመሆኑ ከመጠን በላይ ሊግሉና ለእሳት አደጋ ሊዳርጉ ይችላሉ።

የአገሪቱ መልክዓ ምድርም በአቅማቸው ላይ ተጽዕኖ አለው። ኢንቨርተር የሚቀዘቅዘው በአየር ነው። በከፍታ ቦታ አየሩ ስለሚሳሳ በርካታ አምራቾች ከባሕር ጠለል በላይ ከ2 ሺህ ሜትር በኋላ የመሣሪያው አቅም እንደሚቀንስ ያሳስባሉ። አዲስ አበባ ከ2 ሺህ 300 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ የምትገኝ ከተማ ናት። በሌላ በኩል እንደ ሰመራ፣ ጋምቤላና ድሬዳዋ ባሉ ሞቃታማ አካባቢዎች ሙቀቱ ራሱ የመሣሪያውንም የባትሪውንም ዕድሜ ያሳጥራል። በመሆኑም በደጋም ሆነ በቆላ መሣሪያውን እስከ መጨረሻው አቅሙ አለማስጨነቅ ይመከራል።

ሁለቱ የሞገድ ዓይነቶች

የዋጋ ልዩነቱ ዋነኛ ምክንያት ኢንቨርተሩ የሚያወጣው የሞገድ ዓይነት ነው። ፒዩር ሳይን ዌቭ የሚባለው ከኤሌክትሪክ አገልግሎት መስመር የሚገኘውን የሚመስል ንጹሕ ሞገድ ይሰጣል። ሞዲፋይድ ሳይን ዌቭ የሚባለውና በዋጋ የሚቀንሰው ግን ሞገዱ እንደ ደረጃ የተቆራረጠ ነው።

የሁለተኛው ዓይነት ዝቅተኛ ዋጋ ሁልጊዜ መታለል አይደለም። ለስልክ መሙያ፣ ለአብዛኞቹ ላፕቶፖች፣ ለቴሌቪዥንና ለመደበኛ አምፖሎች ሊያገለግል ይችላል። ችግሩ የሚመጣው ሞተር ባላቸው ዕቃዎች ላይ ነው። ማቀዝቀዣ፣ የውኃ ፓምፕና ማራገቢያ በዚህ ሞገድ ሲሠሩ ይበልጥ ይግላሉ፣ ይጮኻሉ፣ ዕድሜያቸውም ያጥራል። አንዳንድ የሕክምና መሣሪያዎችና የድምፅ መሣሪያዎች ደግሞ በአግባቡ ላይሠሩ ይችላሉ። ስለሆነም ማቀዝቀዣ ወይም ፓምፕ ለማሠራት ያሰበ ሰው በሞገዱ ላይ መቆጠብ የለበትም፤ ብርሃንና ስልክ ብቻ የሚፈልግ ግን ለንጹሕ ሞገድ ተጨማሪ የሚከፍልበት አሳማኝ ምክንያት የለውም።

በመደብር ውስጥ ቮልቴጁን በተራ የኤሌክትሪክ መለኪያ ለማረጋገጥ የሚሞክሩ ገዢዎችም ጥንቃቄ ማድረግ አለባቸው። ርካሽ መለኪያዎች የተሠሩት ንጹሕ ሞገድን ለማንበብ በመሆኑ በተቆራረጠው ሞገድ ላይ የሚያሳዩት ቁጥር ከትክክለኛው ያነሰ ሊሆን ይችላል። የተሻለው መንገድ መሣሪያውን ከታወቀ ጭነት ጋር አገናኝቶ ለተወሰኑ ደቂቃዎች ማሠራትና ሙቀቱን፣ ድምፁንና የአምፖሉን ብርሃን መረጋጋት መመልከት ነው።

ትልቁ ወጪ ባትሪው ነው

ከኢንቨርተሩ ይልቅ የመጠባበቂያ ኃይልን ውድ የሚያደርገው ባትሪው ነው። ባለ 12 ቮልት 100 አምፒር ሰዓት የሊድ አሲድ ባትሪ በስም 1 ሺህ 200 ዋት ሰዓት ይይዛል። ዕድሜው እንዳያጥር ግን ከግማሽ በላይ ማራገፍ አይመከርም። ከቀሪው 600 ዋት ሰዓት ላይ በኢንቨርተሩ የሚባክነው ሲቀነስ ለአገልግሎት የሚውለው 520 ዋት ሰዓት ገደማ ይሆናል። ቀደም ሲል የተጠቀሰውን የ107 ዋት ጭነት ይህ ባትሪ የሚያቆየው አምስት ሰዓት ለማይሞላ ጊዜ ነው።

የመኪና ባትሪን ለዚህ ተግባር ማዋል የተለመደ ስሕተት ነው። የመኪና ባትሪ የተሠራው ሞተር ለማስነሣት ከፍተኛ ኃይል ለጥቂት ሰከንዶች እንዲሰጥ እንጂ በዝግታ ለሰዓታት እንዲራገፍ አይደለም። በተደጋጋሚ በጥልቀት ከተራገፈ በወራት ውስጥ ሊበላሽ ይችላል። ለዚህ ሥራ የሚያገለግለው ዲፕ ሳይክል የሚባለው ዓይነት ነው።

በቅርብ ዓመታት ገበያውን የተቀላቀለው የሊቲየም አይረን ፎስፌት ባትሪ የመግዣ ዋጋው ከፍ ይላል። ሆኖም ስሌቱ በመግዣ ዋጋ ብቻ መሠራት የለበትም። ዲፕ ሳይክል የሆነው የሊድ አሲድ ባትሪ በግማሽ እየተራገፈ 500 ጊዜ ያህል ቢሠራ በዕድሜው የሚሰጠው 300 ኪሎ ዋት ሰዓት ነው። ተመሳሳይ መጠን ያለው የሊቲየም ባትሪ 80 በመቶው እየተራገፈ 3 ሺህ ጊዜ ቢሠራ 3 ሺህ ኪሎ ዋት ሰዓት ገደማ ይሰጣል። በየቀኑ ለሚጠቀም፣ በተለይም ከመረብ ውጭ ለሚኖር ቤተሰብ ዋጋው ሦስት እጥፍ ቢሆን እንኳ ሊቲየሙ ይረክሳል።

መብራት በሳምንት አንድ ወይም ሁለት ጊዜ ብቻ የሚጠፋበት ቤት ግን ውሳኔው ሊለይ ይችላል። እንዲህ ያለ ቤተሰብ በዓመት ባትሪውን የሚጠቀመው 100 ጊዜ እንኳ ላይሆን ስለሚችል የሊቲየሙን ሺህ ዑደቶች ሳይጠቀምባቸው ዓመታት ያልፋሉ። በአግባቡ የተያዘ የሊድ አሲድ ባትሪ ለእርሱ በቂ ነው። ከዚህ መረዳት የሚቻለው ለሁሉም የሚሆን አንድ ርካሽ ባትሪ አለመኖሩን ነው።

የፀሐይ ሰሌዳ መጨመር ለሚችሉ ኢትዮጵያ ምቹ ናት። በቀን በአማካይ ከ5 እስከ 6 ሰዓት ከሙሉ ጉልበት ጋር የሚመጣጠን የፀሐይ ብርሃን በሚገኝባቸው አካባቢዎች አንድ ባለ 150 ዋት ሰሌዳ ብክነቱ ተቀንሶ በቀን 500 ዋት ሰዓት ያህል ሊሰጥ ይችላል። ይህም ከላይ የተመለከተውን የአንድ ምሽት ፍጆታ በአብዛኛው የሚተካ ነው። በክረምት ወራት ግን ደመናው ይህን መጠን ስለሚቀንሰው በበጋው ስሌት ላይ ብቻ መመሥረት አያዋጣም።

ለጉዞና ለመዝናኛ

የኢንቨርተር አገልግሎት በመኖሪያ ቤት አይወሰንም። ወደ ሰሜን ተራሮች፣ ወደ ባሌ ተራሮችና ወደ ላንጋኖ የሚጓዙ ቤተሰቦች፣ አስጎብኚዎችና የመስክ ሠራተኞች ካሜራ፣ ላፕቶፕና ስልክ ለመሙላት በመኪና ውስጥ ይጠቀሙበታል።

ለዚህ ዓላማ የሚበቃው አነስተኛው መሣሪያ ነው። የመኪና ሲጋራ ማቀጣጠያ ሶኬት በአብዛኛው ከ10 እስከ 15 አምፒር ባለው ፊውዝ የተጠበቀ በመሆኑ ከ150 ዋት ብዙ የሚበልጥ ኃይል ሊያሳልፍ አይችልም። በዚህ ሶኬት ላይ 500 ዋት የሚል ኢንቨርተር መሰካት ፊውዙን ከማቃጠል የዘለለ ጥቅም የለውም። ከዚያ በላይ የሚፈልግ ሰው ገመዱን በቀጥታ ከባትሪው ላይ በባለሙያ ማስገጠም ይኖርበታል። ብዙዎቹ ከባድ ተሽከርካሪዎች 24 ቮልት በመሆናቸው ለ12 ቮልት የተሠራ ኢንቨርተር ቢገጠምባቸው ወዲያውኑ ሊቃጠል እንደሚችልም መታወቅ አለበት።

ሞተር ጠፍቶ ሳለ መጠቀምም ገደብ አለው። 60 አምፒር ሰዓት ካለው የመኪና ባትሪ ላይ 100 ዋት ለሦስት ሰዓት የተጠቀመ ሰው የባትሪውን ግማሽ ጨርሷል። በማግስቱ ማለዳ በተራራው ቅዝቃዜ መኪናው አልነሣ ሊለው ይችላል። በድንኳን ለሚያድሩ መንገደኞች ከመኪናው ባትሪ የተለየ ሁለተኛ ባትሪ ወይም ባትሪና ኢንቨርተሩን አጣምሮ የያዘ ተንቀሳቃሽ የኃይል ሳጥን መያዝ አስተማማኝ ነው።

የማይታለፍ ጥንቃቄ

ዋጋ ለመቆጠብ ሲባል ሊታለፍ የማይገባው የደህንነት ጉዳይ ነው። የኢንቨርተርን ኃይል በሶኬት በኩል ወደ ቤቱ መስመር መልሶ መልቀቅ በአንዳንድ ቤቶች የሚታይ አደገኛ አሠራር ነው። ዋናው ማብሪያ ካልተዘጋ ኃይሉ ወደ ሠፈሩ መስመር ወጥቶ በጥገና ላይ ያለን ሠራተኛ ሊገድል ይችላል። መብራቱ ሲመለስም ኢንቨርተሩ ራሱ ይቃጠላል። ሁለቱን የኃይል ምንጮች በአንድ ጊዜ እንዳይገናኙ የሚያደርገው ቼንጅ ኦቨር ማብሪያና ፈቃድ ያለው የኤሌክትሪክ ባለሙያ የወጪው አካል ተደርገው መታሰብ አለባቸው።

በባትሪው በኩል ያለው ገመድም ትኩረት ይሻል። ከ12 ቮልት ባትሪ 1 ሺህ ዋት ለማግኘት 95 አምፒር ገደማ በገመዱ ውስጥ ያልፋል። ይህ ከአንድ የኤሌክትሪክ ምጣድ ጅረት አምስት እጥፍ ይበልጣል። ገመዱ ወፍራምና አጭር ካልሆነ፣ በባትሪው አጠገብም ፊውዝ ካልተገጠመ የእሳት አደጋ ሊነሣ ይችላል። የሊድ አሲድ ባትሪዎች ሲሞሉ ተቀጣጣይ ጋዝ ስለሚያወጡ በመኝታ ክፍልና አየር በማይገባበት ቁም ሣጥን ውስጥ ሊቀመጡ አይገባም። ያረጁትንም በየሜዳው ከመጣል ይልቅ ለሚረከቡ ድርጅቶች ማስረከብ ሊድ አፈርንና ውኃን እንዳይመርዝ ይረዳል።

መሥሪያ ቤቶችና የግዥ መግለጫ

ጉዳዩ ከቤተሰብ አልፎ በመንግሥት መሥሪያ ቤቶች ላይ ሲታይ ክብደቱ ይጨምራል። ከግንቦት 2013 ዓ.ም ጀምሮ ሥራ ላይ የዋለው ቴሌብርን የመሳሰሉ የክፍያ ሥርዓቶችና በኮምፒዩተር የሚሰጡ አገልግሎቶች በተስፋፉ ቁጥር የኃይል መቋረጥ ባለጉዳይን ከመስኮት የሚመልስ ምክንያት ሆኗል። በገጠር ጤና ጣቢያ ደግሞ ሌሊት የምትወልድ እናት የምትረዳበት ብርሃን በዚሁ ባትሪና ኢንቨርተር ላይ ሊንጠለጠል ይችላል።

ይህ ሆኖ ሳለ በግዥ ጥያቄ ላይ «ኢንቨርተር 2 ሺህ ዋት» ተብሎ ብቻ ሲጻፍ አቅራቢው የቅጽበት አቅሙ 2 ሺህ፣ ሞገዱ የተቆራረጠ፣ የባዶ ፍጆታው ከፍተኛ የሆነ መሣሪያ አቅርቦ በዝቅተኛ ዋጋ ሊያሸንፍ ይችላል። አቅራቢው ደንብ አልጣሰም፤ መግለጫው የጠየቀውን አቅርቧል። ጉድለቱ የሚታየው መሣሪያው ጤና ጣቢያ ከደረሰ በኋላ ነው።

ስለሆነም የቴክኒክ መግለጫ የሚያዘጋጁ ሠራተኞች ቢያንስ ያለማቋረጥ የሚሰጠውን ዋት፣ የሞገዱን ዓይነት፣ የባትሪውን ቮልት፣ የባዶ ፍጆታውን፣ ከመጠን በላይ ጭነትና ከባትሪ መራገፍ የሚከላከልበትን ሥርዓት፣ የዋስትና ጊዜውንና የመለዋወጫ አቅርቦቱን በጽሑፍ ማስፈር ይጠበቅባቸዋል። የባትሪ ግዥም በመግዣ ዋጋ ሳይሆን በዕድሜው በሚሰጠው ኪሎ ዋት ሰዓት ቢመዘን የሕዝብ ገንዘብ ከብክነት ይድናል። የክትባት ማቀዝቀዣን በተመለከተ ደግሞ ያለ ባትሪና ያለ ኢንቨርተር በቀጥታ በፀሐይ የሚሠሩ ማቀዝቀዣዎች በመኖራቸው መፍትሔው ሁልጊዜ ተጨማሪ ኢንቨርተር አለመሆኑን መገንዘብ ያሻል።

የመለያ እውነተኛነት

ሸማቹ ስሌቱን በትክክል ቢሠራም መለያው እውነት ካልተናገረ ድካሙ ከንቱ ነው። ለፀሐይ ኃይል ኢንቨርተሮች ደህንነት አይኢሲ 62109፣ ለዩፒኤስ ደግሞ አይኢሲ 62040 የተሰኙ ዓለም አቀፍ ደረጃዎች አሉ። ለአነስተኛ የፀሐይ ኃይል ስብስቦችም ላይቲንግ ግሎባል የጀመረውና እ.ኤ.አ ከ2020 ወዲህ ቬራሶል በሚል ስያሜ የቀጠለው የጥራት ማረጋገጫ ይሠራል። እነዚህን ምልክቶች መጠየቅ ለገዢው ተጨማሪ ወጪ አያስከትልም።

በአገር ውስጥም ደረጃ የማውጣቱ ተግባር የኢትዮጵያ ደረጃዎች ኢንስቲትዩት፣ የፍተሻና የማረጋገጥ ሥራው የኢትዮጵያ ተስማሚነት ምዘና ድርጅት፣ የገበያ ቁጥጥሩ ደግሞ የንግድና ቀጣናዊ ትስስር ሚኒስቴር ኃላፊነት ነው። በመለያ ላይ የቅጽበት አቅም ሳይሆን ያለማቋረጥ የሚሰጠው ዋት በጉልህ እንዲሰፍር ማድረግ፣ ከገበያ ናሙና እየወሰዱ መፈተሽና ውጤቱን ለሕዝብ ማሳወቅ ከፍተኛ በጀት የማይጠይቅ፣ ነገር ግን ለሸማቹ ከድጎማ ያልተናነሰ ጥቅም ያለው እርምጃ ነው። ጥራት ያለው ዕቃ የሚያስመጣ ነጋዴም ቁጥሩን አጋንኖ ከሚጽፍ ተወዳዳሪ የሚጠበቀው በዚህ መንገድ ነው።

የኤሌክትሪክ ማከፋፈያ መስመሮች እየታደሱና እየተስፋፉ በሄዱ ቁጥር የመጠባበቂያ ኃይል ፍላጎት በከተሞች እንደሚቀንስ ይጠበቃል። እስከዚያው ድረስ በየቤቱና በየመሥሪያ ቤቱ የሚወጣው ገንዘብ የሚባክን ወይም የሚያገለግል የሚሆነው በሦስት ጥያቄዎች መልስ ነው። ምን ዕቃ ይሠራበታል? ለስንት ሰዓት? በሳምንትስ ስንት ጊዜ? እነዚህን በወረቀት ላይ አስፍሮ ወደ ገበያ የሚወጣ ገዢ ብዙውን ጊዜ ካሰበው ያነሰ ኢንቨርተር፣ ካሰበው የተሻለ ባትሪ ይዞ ይመለሳል።